ባሕር ለሚሻገር የጣና ልጅ ቋንቋ ስንቁ ነው

«ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ከማንም ይልቅ ለባሕር ዳር ሰው ቅርብ ነው። አባይ ከጣና ተለይቶ ጉዞውን የሚጀምረው በከተማዪቱ ጫፍ ነው። ሐይቁ ሰፊ፣ ደሴቶቹና ገዳማቱም በዓለም የታወቁ ናቸው፤ በዳርቻውም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። ይሁን እንጂ ስለ ሐይቁ ዳርቻ ታሪክ፣ ሐይቁን ስለሚያሠጋው አረምም ጭምር፣ ባሕር ማዶ ተጽፎ የተቀመጠው ዕውቀት ብዙው በማናነበው ቋንቋ ስለ ሆነ ተዘግቶብን ይኖራል። ውሃው ከደጃችን ነው፤ መቅጃው ግን በእጃችን የለም።

ትምህርቱን ለመጨረስ የተቃረበ ወጣት ብዙውን ጊዜ አንድ ምኞት አለው። ይኸውም ለጥቂት ወራት ወደ ውጭ አገር ተሻግሮ፣ ተማሪዎች ኢንተርንሺፕ የሚሉትን የሥራ ልምምድ እየሠራ፣ ያገሩን ቋንቋ እየተማረ፣ ከሕዝቡም ጋር እየኖረ ባህሉን ማወቅ ነው። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለዚህ ጉዞ የሚወጣው ገንዘብና የሚያልፈው ጊዜ ለተጓዡም ለአገሩም የሚጠቅመው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ ልንመረምረው እንወዳለን። ለምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው የእስፓኝኛ ቋንቋ ወደሚነገርባቸው አገሮች የሚደረገውን ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ቋንቋ ባለቤቶች ከጣና ዳርቻ ጋር የተዋወቁት ብዙ ሰው ከሚገምተው ጊዜ አስቀድሞ ነው።

ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ሰው፣ ዛሬ ስፔን በምንላት በእስፓኝ አገር፣ ከማድሪድ ብዙ በማትርቅ መንደር በ1556 ዓ.ም. ተወለደ። የካቶሊክ ሃይማኖት መልእክተኛ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በመንገድ ተይዞ ሰባት ዓመት ያህል በየመን ታሠረ። በዚያ መከራ ውስጥ ሆኖ ዐረብኛ ተማረ። በ1595 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ከገባ በኋላም ዐማርኛና ግዕዝ አጠና። ከዚህ የተነሣ በቤተ መንግሥት ተሰሚነትን አገኘ፤ በጎርጎራም ለዐፄ ሱስንዮስ በድንጋይ የታነጸ ቤተ መንግሥት አሠራ። በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ወደ ሰከላ ሄዶ የግሽ አባይን ምንጭ አየ፤ ያየውንም በጽሑፍ አኖረ። በ1614 ዓ.ም. በዚያው በጎርጎራ ሞተ። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ በፖርቱጋልኛ የጻፈው ሰፊ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የሊቃውንት መጠቀሻ ነው።

ግሽ አባይን ከፓኤዝ በፊት የሰከላ ገበሬ ያውቀው እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ስለዚህ «ምንጩን ያገኘ እርሱ ነው» ማለት አይገባም። የመጣበትን ዓላማም ልንወድ ልንጠላ እንችላለን። ነገር ግን አንድ ነገር ልንክድ አንችልም፤ ይህ ሰው ባዕድ አገር ሲገባ አስቀድሞ የተማረው መናገርን ነው፤ ከዚያም ጠየቀ፣ አየ፣ ጻፈ። ከርሱ በኋላ በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ግን ያገሩን ልማድና ሥርዐት በችኮላ ሊለውጥ ተነሣ። ነገሩ ሕዝቡን አስቈጣ፤ ደምም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ዐወጁ። ባዕድ አገር የሚገባ ሰው ከሁለቱ የማንኛውን መንገድ መከተል እንዳለበት ከዚህ ታሪክ ይረዳል። ቋንቋ መማር ማለት ቃላትን መሸምደድ ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱን ልብ ለማወቅ በትዕግሥት መቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከራሳችን ልጆች የተገኘ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጦር ጎን ተሰልፈው እንደ ተዋጉ የታወቀ ነው፤ መታሰቢያቸውም አዲስ አበባ በትግላችን ሐውልት ይገኛል። ከጦርነቱ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ከነርሱም መካከል አባቶቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩባቸው። የተቀመጡት «የወጣቶች ደሴት» በተባለው ሥፍራ፣ ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ ከመጡ ልጆች ጋር ነው። በዚያ የነበረው ልማድ ግማሹን ቀን በክፍል መማር፣ ግማሹን ቀን ደግሞ በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ መሥራት ነበር።

እንግዲህ አሁን «ቋንቋ፣ ሥራና ባህል በአንድነት» እየተባለ የሚነገረው ነገር ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። እነዚያ ልጆች እስፓኝኛን የተማሩት ከሰሌዳ ብቻ ሳይሆን ከማሳው፣ ከምግብ ቤቱ፣ ከኳስ ሜዳውም ጭምር ነው። ብዙዎቹ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ ሆነው ተመልሰው አገራቸውን አገልግለዋል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በልጅነት ከዘመድ ተለይቶ ብዙ ዓመት መኖር ነበረበት፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተመለሰውም የላከው መንግሥት ወድቆ ቆየው። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በሕዝቡ መካከል እየሠራ የተማረ ሰው ቋንቋውን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይይዘዋል። ሁለተኛው፣ ላኪው ለመቀበልም ካልተዘጋጀ የተማረው ሰው ዕውቀት ቦታ ያጣል።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ሐይቁ በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ እምቦጭ የተባለው አረም በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ መታየቱ ታውቆ ነበር። ይህ አረም የዓሣ አስጋሪውን መረብ፣ የታንኳውን መንገድ፣ የገበሬውን የግጦሽ መሬት እንዴት እንደ ወረረ ለጣና ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም። ገበሬው ተሰብስቦ በደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ታይቷል፤ ማሽንም መጥቷል።

ታዲያ የዚህ አረም አገሩ የት ነው? ደቡብ አሜሪካ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ብዙ አገር የዞረ ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. በእስፓኝ በጓዲያና ወንዝ ላይ ታየ፤ በባዳሆስ አውራጃ በኩል ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፈነው። በዚያ አገር ስሙ ካማሎቴ ነው። እስፓኞች ተንሳፋፊ አጥር ዘረጉ፣ ማሽን አሠማሩ፣ በሰው እጅም አስለቀሙ፤ ለዚህም በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ ወጣ። ሆኖም የአረሙ ዘር በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ስለሚቆይ፣ አንድ ጊዜ ነቅሎ መሄድ እንደማያዋጣ በሥራ ተረዱት። አረሙን የሚበላው ጥንዚዛም የተገኘው ከዚያው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተለቆ ብዙ ርዳታ አድርጓል።

እዚህ ላይ አንድ የባሕር ዳር ተማሪ እናስብ። ትምህርቱ የውሃ ምሕንድስና ወይም ሥነ ሕይወት ነው እንበል። ሦስት ወር በጓዲያና ዳር ለሥራ ልምምድ ተላከ። ቋንቋውን ካላወቀ የሚያየው ማሽኑን ብቻ ነው። ማሽንን ደግሞ በሥዕልም ማየት ይቻላል። ቋንቋውን ካወቀ ግን በጀልባው ላይ የሚሠራውን ሽማግሌ «አጥሩን ከላይ ወደ ታች ለምን አዛወራችሁት? የተነቀለውንስ የት ትጥሉታላችሁ? በየትኛው ወር ነው አረሙ የሚጠነክረው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከሪፖርት የማይገኘው ዕውቀት ያለው በእንዲህ ዓይነቱ መልስ ውስጥ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በመራዊ አቅራቢያ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ በታቀደው በቆጋ የመስኖ እርሻ ገበሬዎች አቮካዶ ተክለዋል። በአቮካዶ ምርት ከዓለም አንደኛ የሆነችው ሜክሲኮ ነች። ፍሬው እንዴት እንደሚለቀም፣ እንደሚመረጥ፣ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚጓጓዝ ከዚያ ገበሬ አጠገብ ቆሞ የተማረ የእርሻ ተማሪ ለቆጋ ገበሬ የሚነግረው ነገር ይኖረዋል።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም ይህ ነገር አይመለከተኝም ሊል አይችልም። እስፓኝኛ ከስድስቱ የተባበሩት መንግሥታት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ከቋንቋዎቹ መካከል ይቈጥረዋል። በአህጉራችን ኢኳቶሪያል ጊኒ ትሠራበታለች። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ እንደ ነበረች፣ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ ስም ያስታውሰናል። ወዳጅን በራሱ ቋንቋ ማመስገን መቻል ለአንድ አገር ትንሽ ነገር አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ግን «እንግሊዝኛ ይበቃናል» ይላሉ። በጉባኤ አዳራሽ ሊበቃ ይችላል፤ በእርሻ፣ በወንዝ ዳርና በፋብሪካ ግን ሥራውን በእጁ የያዘው ሰው የሚናገረው የእናቱን ቋንቋ ነው። ሌሎች ደግሞ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብለው ይከራከራሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እምቦጭ ያገራችን ሰርዶ አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ አረም ስለ ሆነ፣ የበሬውንም ወሬ ከዚያው አገር መጠየቅ ግድ ይሆናል። ደግሞስ ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ፖሊቴክኒክ የተከፈተባት ከተማ አይደለችምን? ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት የሚሄደው የውጭ አገር ተማሪ አስቀድሞ አንድ ዓመት ያህል የሩሲያን ቋንቋ ይማር ነበር። አስቀድሞ ቋንቋ፣ ቀጥሎ ሙያ የሚለው ሥርዐት የተፈተነ ነው።

ገንዘብን በሚመለከት ግን የሚያነሡት ክርክር ሊናቅ አይገባውም። ለውጭ አገር ጉዞ የሚወጣው ብር ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ ሸክም ነው። ወላጅ በሬ ሸጦ የላከው ልጅ ሦስቱን ወር ካገሩ ልጆች ጋር ብቻ ተቀምጦ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶና የምስክር ወረቀት ይዞ የሚመለስ ከሆነ፣ በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወይም በቆጋ መስኖ ቢለማመድ ይሻለው ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተማሩት ቋንቋም አውሮፕላኑ ሲያርፍ ተረስቶ ይቀራል። በደላላ ቃል ተታልሎ ገንዘብ መክፈልማ ፈጽሞ የሚያስጠነቅቅ ነገር ነው።

ስለዚህ የሚሻለውን መንገድ እንደሚከተለው እንገምታለን። በመጀመሪያ፣ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር እዚሁ ባገሩ ቋንቋውን ይማር። ለዚህ የሚሆን መምህር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ኩባ ተምረው የተመለሱ ወንድሞችና እኅቶች ባገራችን አሉና፣ የማታ ክፍል ተከፍቶላቸው ቢያስተምሩ እነርሱም ይከበራሉ፣ ዕውቀታቸውም ሳይባክን ለልጆቻችን ይተላለፋል። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ከመነሣቱ በፊት ያገሩን አንድ ችግር መርጦ፣ ሊጠይቅ የሚሄደውን ጥያቄ በወረቀት ይጻፍ። ጥያቄ ይዞ የሄደ መልስ ይዞ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ እዚያ ሲደርስ ከባላገሩ ቤት ይቀመጥ፤ ምግባቸውን ይብላ፣ በዓላቸውን ያክብር፣ ልማዳቸውን አይናቅ፤ የራሱንም አይርሳ። የዕለቱን ሥራ ማታ ማታ በዐማርኛ ይመዝግብ። በባዕድ ቋንቋ የተማረውን በራሱ ቋንቋ መግለጽ ያልቻለ ሰው ነገሩን ገና አላወቀውም።

የመጨረሻው ነገር የሚመለከተው ተማሪውን ሳይሆን ቢሮዎችን ነው። ልጁ ሲመለስ ሪፖርቱን የሚቀበለው፣ «ምን አየህ? ለእኛ የሚሆነን የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሹም ያስፈልጋል። ሪፖርቱም በመሳቢያ እንዳይቆለፍ፣ በዐማርኛ ተጽፎ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ የጣና ዳር ገበሬና ዓሣ አስጋሪም በሚገባው ቃል ይነገረው። ይህ ካልሆነ የተማረው ወጣት «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንደ ተባለው ወንዝ፣ ዕውቀቱን ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ይኖራል።

ወጣት ወንድማችን፣ ወጣት እኅታችን ሆይ! ዕድሉ ከተገኘ ሂዱ፤ መሄድ መልካም ነው። የምትሄዱበትን አገር ሕዝብ በቋንቋው ሰላም ለማለት ግን ከዛሬ ጀምራችሁ ተማሩ። በቢሮ ወንበር የተቀመጣችሁት ወጣት ሹማምንትም፣ ነገ ከባሕር ማዶ ለሚመለሰው ልጅ ወንበሩን ዛሬውኑ አዘጋጁለት። አረሙ በሐይቁ ላይ የሚያድገው ሌሊትም ቀንም ነውና፣ እኛም ብዙ የምንዘገይበት ጊዜ የለንም።