ባለቤቱ ብዙ፤ ጠባቂውስ ማነው?

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ከጅግጅጋ እስከ አውበሬ ያለው ጥንታዊ ፍርስራሽ ይህን ተረት ያስታውሰኛል። እኛ ግን ማልቀሱንም መላሱንም ትተን «የኔ ነው፣ የኔ ነው» እየተባባልን እንጣላለን!

ለመሆኑ ደርቢጋን ስንቶቻችን ሰምተናል? ስሙ በሶማልኛ «ግድግዳው» ማለት ነው። በጅግጅጋ አካባቢ የሚገኝ የመካከለኛው ዘመን የግንብ ፍርስራሽ ነው። ፈረንሳዊው ካህን አባ አዛይስ ከሻምባር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1931 ፓሪስ ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ መዝግበውታል። አውበሬንም ከርል የተባለ ብሪታንያዊ እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ ፈረሱ ከተሞች በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ አስገብቶታል። ከርል በየፍርስራሹ የለቀመው ስብርባሪ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። ገሉ እዚያ ቁጥር አለው። ግንቡስ እዚህ ቁጥሩ ስንት ነው?

«ቆላው ዘላን እንጂ ከተማ አያውቅም» ሲባል ኖሯል። ይህን የሚል ሰው ድሬዳዋ አጠገብ ወዳለችው ሐርላ ጎራ ይበል። ገበሬው ማሳው ውስጥ የቆየ ሳንቲም ሲያገኝ የግዙፎች ከተማ ነበረች ይል ነበር። ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ ማግኘቱን አስታወቀ። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወስደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ባዶ ሜዳ እንዳልነበር ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይምጣ?

ታዲያ ጠቡ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሐርላ የኔ ነው ይላል ሶማሌው። የኔ ነው ይላል ሐረሪው። ኦሮሞውም አርጎባውም ድርሻዬ ይላል። ይከራከሩ፣ ክርክር አይገድልም። ግን ፍርዱ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው። የትኛው ሳንቲም በየትኛው ወለል ሥር ወደቀ? የትኛው ግድግዳ በየትኛው ላይ ተሠራ? አንድ ዶዘር ያንን ሣር የለበሰ ጉብታ ከደመሰሰው፣ አንድ ወርቅ ፈላጊ መቃብሩን ካገላበጠው፣ ያ ንባብ ለዘላለም ጠፋ ማለት ነው። ምስክሩን ገድሎ ችሎት መቆም ምን ይባላል?

የሕግ ያለህ እንዳይባል ሕግ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(9) የታሪክ ቅርስን መጠበቅ የመንግሥት ኃላፊነት ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ። የሐረር ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ጁገል ውስጥ የሚኖር፣ የሚጮህ ሕዝብ አለ። ደርቢጋ ድምፅ የሚሰጥ መራጭ የላትም፣ ለፎቶ የሚሰለፍ ቱሪስትም የላትም። ድንጋይ ደግሞ ሰልፍ አይወጣም!

ስለዚህ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንንና የክልሉን የባህል ሹማምንት በአደባባይ እጠይቃለሁ። ከጅግጅጋ እስከ አውበሬ ያሉት ፍርስራሾች ስንት ናቸው? ወሰናቸው የት ነው? ዘበኛቸው ማነው? ዝርዝሩ ካለ ይታተምና ሕዝብ ያንብበው። ከሌለ የአገሩን ሽማግሌዎች ይዛችሁ ዙሩ፤ ሥፍራውን ከእናንተ በተሻለ ያውቁታል። መንገድ ሊጠረግ፣ ሕንፃ ሊቆም ሲታሰብም አጥኚው ከዶዘሩ ይቅደም። ዘበኛው ከዚያው ከቀበሌው ሰው ይቀጠር። ይህ የበጀት ተራራ አይጠይቅም። ለአንድ በዓል ከሚወጣው የድንኳን ኪራይ የሚተርፍ ይመስለኛል።

«የማነው?» የሚለውን የልጅ ልጆቻችን ይጨርሱት። እነሱ የሚከራከሩበት ግንብ ግን ይቆያቸው። ልብ ያለው ልብ ይበል!