ጣሳ አይጣል!

«የትምህርት መርጃ መሣሪያ የለም» ማለት በመካከላችን ተለምዷል። እኛ ግን አንቀበለውም።

እናቶቻችን እኮ ኩራዝ የሠሩት ከባዶ ጣሳ ነው። ክዳኑን በሱ፣ የጨርቅ ክር አሳለፉ፣ ላምባ ጨመሩ፤ በቃ፣ በዚያ ብርሃን ስንቱ ተጠና! ታዲያ እኛ እጩ መምህራን ከነሱ አንሰን ነው?

በእርግጥ ላምባና እሳት ለሕፃን አይሰጥም። የእኛ ፋኖስ ሌላ ነው። ቆራሌው ሳይወስደው የወተት ዱቄቱን ጣሳ እናስቀር። የደቻቱን አሸዋ አርሰን እንጠቅጥቅበትና ዙሪያውን በምስማር እንብሳው፤ አሸዋው ስለሚደግፈው ቶሎ አይጨማደድም። ስለቱን በመዶሻ እናብርደው። አሸዋውን ደፍተን፣ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ 2 የባትሪ ድንጋይና ሽቦ እናግባበት።

ክፍሉ ሲጨልም ግድግዳው በኮከብ ይሞላል! ብርሃን በቀጥታ እንደሚጓዝ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። ሽቦው ሲላቀቅ መብራቱ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪክ የሚዞርበት መንገድ መገጣጠም እንዳለበት ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

አንዳንዶቻችን «ይህማ የልጅ ጨዋታ ነው» እንላለን። ልጅ በጨዋታ ካልተማረ በምን ሊማር ነው? ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ጣሳ ይዘን እንውጣ!