ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ ክፈቱት

«ላፕቶፕ ስገዛ እጀምራለሁ።» ከእኩዮቼ አፍ ደጋግሜ የምሰማው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ኮዲንግ በሉት ግራፊክስ፣ የሒሳብ ሥራም ሆነ ጽሑፍ ሁሉም «ስገዛ» ላይ ቆሟል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃም ተከትሎት ወጣ። ደመወዝ ግን አብሮ አልወጣም።

የሚገርመው በዚያው ሰሞን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መጀመሩ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ልጆችም ገብተውበታል። ግን ስንቶቻችን ነን ትምህርቱን በስልክ እያየን፣ ኮዱን በአውራ ጣት እየነካካን የቀረነው? ስልክ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ ይህንንም ጽሑፍ የምታነቡት በስልክ ነው። ለማየትና ለመስማት ግሩም ነው። ቁጭ ብሎ ለመሥራት ግን ኪቦርድ ያለው ማሽን ያስፈልጋል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር አንድ የማይረሳኝ ሐሳብ ነበር፤ የአማራጭ ዋጋ ይባላል። አንድን ነገር ስትመርጥ የምትከፍለው ብር ብቻ ሳይሆን የተውከው ነገርም ወጪህ ነው። አዲስ ላፕቶፕ እየጠበቅን ሁለት ዓመት ሳንማር ካለፈ፣ ያ ሁለት ዓመት የላፕቶፑ ዋጋ ላይ መደመር አለበት። ስለዚህ ክርክሬ ይሄ ነው፦ የሞተ የሚመስል አሮጌ ኮምፒውተር አስነስቶ ዛሬ መጀመር፣ አዲሱን ከመጠበቅ ይረክሳል።

ማስረጃዬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ጎረቤታችን ለቁራሌው ሊሰጡት ያወጡትን ቲንክፓድ ቲ420 «ጋሼ፣ እኔ ልየው?» ብዬ ለመንኳቸው። «ውሰደው ልጄ፣ ግን ሞቷል እኮ» አሉኝ። በፈረንጆቹ 2011 የወጣ ሞዴል ነው። 4 ጊጋባይት ራም አለው፤ ሃርድ ዲስኩም ያ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ፈትቼ አላውቅም።

«ሞቷል» የሚባል ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። አንድ ሁለት የሚያረጁ ክፍሎቹ ናቸው የሚደክሙት። ባትሪው ይሞታል፣ ዲስኩ ይንቀራፈፋል፣ ማራገቢያው በአቧራ ይታፈናል። ጀማሪ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ታዲያ ቅደም ተከተሉን ነው፤ ሳይመረምሩ ዕቃ መግዛት ብር መበተን ነው።

እንዲህ አደረግኩ። ባትሪውን አውጥቼ በቻርጀር ብቻ አስነሳሁት፤ ተነሳ። ስለዚህ ችግሩ ቦርዱ ላይ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ አጥፍቼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ራሙን አወጣሁና ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብዬ ጠርጌ መለስኩት። አቧራውን በብሩሽ አነሳሁ። ካቻቢቴ፣ ላጲስና ብሩሽ፤ እስከዚህ ድረስ ሌላ ወጪ የለም።

ቀጥሎ አንድ የሚያስቅ ችግር መጣ፤ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ድረ ገጾቹ ግን «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ምክንያቱ ቫይረስ አልነበረም። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓት የምትቆጥርለት ሲአር 2032 የምትባል ትንሽ ክብ ባትሪ አለችው፤ እሷ ስትሞት ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው ኮምፒውተሩ አይቀበለውም። ባትሪዋ ተቀየረች፣ ችግሩ አለቀ።

ፎርማት ከማድረጌ በፊት ውስጡ የነበሩትን የቤተሰብ ፎቶዎች በፍላሽ ገልብጬ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ይህን አትዝለሉት። አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የሰው ሕይወት አለ።

ብር ያወጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ብር ወደ ኤስኤስዲ መሄድ አለበት። የሚሽከረከረው ዲስክ መረጃ ለማንበብ መርፌው ቦታው እስኪደርስ መጠበቅ አለበት፤ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ቡና እስኪፈላ የሚያስጠብቀው አከፋፈት ያኔ ነው ታሪክ የሆነው። ሁለተኛው ብር ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ለማሳደግ ሄደ። እዚያ ላይ አቆምኩ። ከዚያ በላይ የሚጨመረው እያንዳንዱ ብር የሚሰጠው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዲሉ፣ እስካሁን ይህን ያህል አውጥቻለሁና ልቀጥል ማለት ኪስ ያራቁታል። ጣሪያችሁን አስቀድማችሁ ቁረጡ። ቦርዱ ከተቃጠለ ተዉት፤ ራሙና ስክሪኑ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናሉ።

ዊንዶውስስ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ የእኔው 2ኛ ትውልድ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩበት። ነፃ ነው፣ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ዛሬ ፓይተን የምማረውም ይህን የምጽፈውም በእሱ ነው።

«ጊዜ ማባከን ነው፣ ነገ ይበላሻል» የሚሉኝ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ከባድ ቪዲዮ አያቀናብርም፣ አዲስ ጌም አይታሰብም፤ ባትሪው ስለሞተም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ግን ቢበላሽ አሁን ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ። ስልኬ ሲበላሽ ለሠራተኛው ሰጥቼ ከመጠበቅ ውጪ ምርጫ የለኝም። ከፍቶ ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው፤ ያውም የማይከፈልበት።

ነገሩ የእኔና የጋሼ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመረተች፤ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው ሩቡን እንኳ አይሞላም። በዊንዶውስ 11 መስፈርት የተነሳ ደግሞ ገና ብዙ ደህና ኮምፒውተሮች ከቢሮ ይወጣሉ። ከፊሉ በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን አቧራ ይጠጣል፣ ከፊሉ ምናለሽ ተራ ላይ በኪሎ ይመዘናል።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ስታስወግዱ መረጃውን በደንብ አጥፉና የተወሰነውን ለትምህርት ቤቶችና ለወጣቶች በነጠላ ሽጡ። በጅምላ ጨረታ ላይ ተማሪ ከነጋዴ ጋር አይወዳደርም። ለሥልጠናው አዘጋጆችም እንዲሁ፦ ከሰርተፊኬቱ ጎን ማሽኑን አስቡበት።

ለእናንተ ደግሞ፣ አልጋ ሥርና ቁም ሳጥን ላይ የተጣለ ላፕቶፕ በቤታችሁ ወይም በዘመድ ቤት አይጠፋም። ቁራሌው ጠዋት ሲጣራ ከመስጠታችሁ በፊት ባትሪውን አውጡና በቻርጀር ሞክሩት።