ሰንጠረዡ ያልነገረን

እንደሚታወቀው፣ በብሔራዊ ፈተና ላይ የሚወጣ የሳይንስ ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ መልሱን በሰንጠረዡ ወይም በግራፉ ላይ አስቀምጦታል፤ ማስተዋል ብቻ ይበቃል። ሌላው ግን ተማሪው ይዞት የመጣውን ዕውቀት ይጠይቃል። ብዙ ልጅ የሚወድቀው በዚህኛው ነው።

ምሳሌ እናንሳ። ሰንጠረዡ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100፣ ድሬዳዋ ወደ 96፣ አዲስ አበባ ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚፈላ ያሳያል እንበል። «በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላው የት ነው?» ቢባል ቁጥሩን ማየት ነው። «ለምን?» ሲባል ግን ሰንጠረዡ ዝም ይላል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ፈሳሽም የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭው ግፊት ጋር ሲተካከል መሆኑን ተማሪው ራሱ ማምጣት አለበት። «ውኃ በ100 ይፈላል» ብሎ የሸመደደው ልጅ ታዲያ ምን ይዋጠው? ሰንጠረዡ ተሳስቷል ሊል ነው!

«ጊዜ የለም፣ ፈተናው ደርሷል፣ የዱሮ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው እናስሸምድዳቸው» የሚሉ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባናል፤ የቆዩ ጥያቄዎችን መሥራትም አይከፋም። ይሁንና የከተማው ስም ወደ ጎንደር ቢለወጥ፣ የመልሱን ፊደል ብቻ የያዘ ልጅ ምን ሊመልስ ነው?

እኛ የምንለው ይህን ነው። አንደኛ፣ ተማሪው ምርጫዎቹን ከማየቱ በፊት «መልሱ ወረቀቱ ላይ አለ ወይስ ከእኔ ነው የሚጠበቀው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከእሱ የሚጠበቅ ከሆነ የሚያውቀውን መርህ ያስታውስና ከመርሁ ጋር የሚጋጩትን ምርጫዎች ይሰርዝ። ካልሆነለትም ምልክት አድርጎ ይለፈውና ኋላ ይመለስበት፤ አንድ ጥያቄ ላይ ተቸክሎ የሌሎቹን ጊዜ አይብላ። ሦስተኛው የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው፤ አንድን ሕግ ስናስተምር «በምን ሁኔታ?» የሚለውን አብረን እናስጨብጥ። «ውኃ በ100 ይፈላል» ብቻ ሳይሆን «በባሕር ጠለል ላይ» እንበል።

ደግሞስ ዕውቀት ከመጽሐፍ ብቻ ይመጣል ያለው ማነው? ከቆላ ወደ ደጋ የመጣች እናት ንፍሮው ደጋ ላይ ቶሎ አልበስል እንደሚላት ታውቃለች። ልጇም ከምድጃው አጠገብ ሆኖ አይቷል። ያየውን ከአየር ግፊት ጋር የሚያገናኝለት መምህር ካላገኘ ግን ፈተናው ላይ «አላውቀውም» ብሎ ያልፈዋል፤ የሚያውቀውን! እንግዲህ ለልምምድ ክፍል ስንገባ ከጥቁር ሰሌዳው በፊት ልጆቹ ቤታቸው ያዩትን እንጠይቃቸው።