ከቤት ይዘነው የመጣነው አሳብ



ስለ እኩልነት የማይናገር ተማሪ በመካከላችን የለም። ነገር ግን በከፋ ምድር ያደግን ብዙዎቻችን ፊደል ሳንቆጥር የተማርነው አንድ ትምህርት አለ። ይኸውም ማንጆ ጎረቤት ማገዶ ወይም ከሰል ይዞ ሲመጣ እስከ ወዴት እንደሚገባ፥ በምን ዕቃ እንደሚጠጣ፥ ከማንስ ጋር እንደማይጋባ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ቡና ሲፈላ ስኒው ለማን እንደሚሰጥ፥ ማን እንደሚታለፍ አይተን ያዝነው እንጂ። የማንጆ ልጅም ያንኑ ትምህርት ከደጅ ሆኖ ተምሮታል።

ፖለቲካችን ከዚህ ይጀምራል ብንል ማጋነን አይሆንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ ይህን በቃላችን እናውቀዋለን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ክልል በቦንጋ ሲመሠረትም ራሳችንን ልናስተዳድር ነው ብለን ተደስተናል። «ራሳችን» ስንል ግን ማንጆውን ቆጥረነው ነበርን?

የቤት ትምህርት አይለቅም የሚሉ ወንድሞች አሉ። አንቀበላቸውም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ከወጡት ተማሪዎች መካከል የባለመሬት ልጆችም ነበሩበት፤ ጩኸታቸው የአባታቸውን ጎተራ እንደሚነካ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

ከእኛ የሚፈለገው ያን ያህል አይከብድም። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ አባትን መዝለፍ፥ እናትን በእንግዳ ፊት ማሳፈር ነውር ነው። ስኒውን አንሥቶ ለማንጆው ጎረቤት ማቀበልና አጠገቡ መቀመጥ ግን ነውር አይደለም። ለዚህ ደግሞ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም።