ድሪቶ ስድብ አይደለም

ጥበብ ሲባል ደቡብ ምዕራብ ላይ ቶሎ የሚታሰበው የበዓል ጭፈራ ነው። ከበሮው ይቆየን፤ መርፌና ክር አለ።

ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የለቀመውን ቁልፍ፣ ክርና የአሮጌ ኮምፒውተር ሽቦ እየሰፋና እየጎነጎነ የሠራው ሥራ ውጭ አገር ሙዚየሞች ገብቷል። በ2011 ዓ.ም. ከመስከረም አሰግድ ጋር የከፈተው ዞማ ሙዚየምም የጭቃና የጭድ ሥራ ነው።

የቴፒ ቡና ጆንያና የሚዛን ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ታዲያ ከዚህ በምን ያንሳል? እናቶች ቁርጥራጭ ገጣጥመው ልጅ ሲያለብሱ ኖረዋል፤ ቃሉ ግን ስድብ ሆኖ ቀረ። ድሪቶ!

የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሌላ ትምህርት ማካካሻ አይሁን። እሸት ቡና ሲለቅም የዋለ ልጅ ያየውን እጅ፣ ቅርጫትና ዝናብ ማታ በእርሳስ ይሞክር። ደብተርና እርሳስ ከኪሎ ቡና አይበልጥም። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም አንድ አዳራሽ ለሳምንት ቢለቅ ለትርዒቱ ይበቃል።