አምፕሊፋየሩ በሽታውን አይደብቅም

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። የቲዩብ ጊታር አምፕሊፋየር ግን በሽታውን ደብቆ አያውቅም። ያጉረመርማል፣ ይንሿሿል፣ ይንጣጣል። ያጣው ሰሚ ነው። እንግዳ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሙዚቀኛውም ጠጋኙም የሚሉት አንድ ነው፦ "ቲዩቦቹን በሙሉ መቀየር ነው!" ይህ ጥገና አይደለም፤ ግምት ነው። ያውም ውድ ግምት!

ቲዩብ ዛሬ በየአገሩ የሚመረት ዕቃ አይደለም። በብዛት የሚወጣው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ካሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ነው። በማርች 2022 (እ.ኤ.አ.) የዩክሬን ጦርነት ተከትሎ ሩሲያ የኤክስፖርት ክልከላ ስታወጣ፣ ከሳራቶቭ ከተማ የሚላኩት ቲዩቦች ለጊዜው ተቋርጠው ገበያው ታምሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ በግምት እየነቀሉ መጣል ብክነት ነው።

ድምፁ ራሱ አድራሻውን ይናገራል። መጀመሪያ ጊታሩ ይነቀል። ድምፁ አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ የጊታሩ ወይም የኬብሉ ነው። ካልጠፋ የቮልዩም ቁልፉ ይዙር። ድምፁ ከቁልፉ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ምንጩ ከቮልዩሙ በፊት ነው፤ ካልተለወጠ ከቮልዩሙ በኋላ ነው። ሁለት ደቂቃ በማይፈጅ ሥራ የፍለጋው ሜዳ በግማሽ ይጠባል።

ቀጥሎ የድምፁ ዓይነት አለ። ኢትዮጵያን ጨምሮ መብራቱ 50 ሄርትዝ በሆነባቸው አገሮች፣ ወፍራሙ የ50 ሄርትዝ ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ ከኧርዝ፣ ከኬብል ወይም ከቲዩብ ማሞቂያው መስመር ይመጣል። ሻከር ያለው የ100 ሄርትዝ ድምፅ በአብዛኛው የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮች እርጅና ምልክት ነው፤ ካፓሲተሩ ካረጀ ደግሞ ቲዩብ ሁሉ ቢቀየር ለውጥ አይመጣም። በእንጨት እርሳስ ቀስ ተብሎ ሲነካ በስፒከሩ እንደ ደወል የሚጮህ ቲዩብ ካለ፣ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው። የሚንጣጣውም ከቆሸሸ ሶኬት፣ ከላላ ብየዳ ወይም ከደከመ ሬዚስተር ሊሆን ይችላል።

"ቲዩብ ቶሎ የሚያልቅ ክፍል ስለሆነ መቀየሩ ይቀላል" የሚሉ አሉ። ማለቁ እውነት ነው። ደህና መሆኑ በታወቀ አንድ ቲዩብ፣ በየተራ መሞከርም ምርመራ ነው። ሁሉን ባንዴ መቀየር ግን ድምፁ ቢጠፋ እንኳ የታመመው የትኛው እንደነበር አያሳይም፤ ደህናዎቹም አብረው ይጣላሉ።

ከብክነት የከፋም ልማድ አለ፦ ጉርምርምታውን ለማጥፋት የስፒናውን የኧርዝ እግር መቁረጥ። ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ከሰው ሕይወት ጠባቂውም አብሮ ይጠፋል። በ1972 (እ.ኤ.አ.) የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ኧርዝ ያልነበረው ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል።

ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት አምፕሊፋየር ባለሁለት እግር በሆነ ቮልቴጅ መቀነሻ ሲሠራ፣ ኧርዙ መንገድ ላይ ይቀራል። መቀነሻው ቮልቴጁን እንጂ ሄርትዙን አይለውጥም፤ ለ60 ሄርትዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሊግልና ሊያጉረመርም ይችላል። ያን ጊዜ ቲዩቡ ምን አጠፋ?

በግምት መቀየሩ የቀጠለው ጠጋኞች ስላላወቁ ብቻ አይደለም። ደንበኛው ለዕቃ ሳያንገራግር ይከፍላል፤ የምርመራ ሲባል ግን "ምን ሠራህና?" ይላል። ግማሽ ቀን ሰምቶና ለክቶ አንዲት ርካሽ ሬዚስተር የቀየረ ባለሙያ፣ አራት ቲዩብ ከቀየረው ያነሰ ይከፈለዋል። እንዲህ ባለ ገበያ ግምት ቢበዛ ምን ይገርማል?

የተነቀለ አምፕሊፋየር ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ውስጡን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው። የባለቤቱ ድርሻ ከውጭ ማዳመጥ ነው። ጠጋኙ ዘንድ ሲሄድ "ቲዩቡን ቀይርልኝ" ከማለት "ጊታሩ ሲነቀል አይጠፋም፤ ቮልዩሙም አይለውጠውም" ቢል ግማሹን መንገድ ሄዷል። ለቀሪው ግማሽ ደግሞ የእውቀቱን ዋጋ ይክፈል። ጆሮና ጊዜ ከመለዋወጫ ያነሰ ዋጋ እስካላቸው ድረስ፣ ደህናው ቲዩብ መጣሉን፣ የታመመውም አምፕሊፋየር ማጉረምረሙን ይቀጥላሉ።